ተመራማሪ ይፈለጋል ይባላል፣ ምን እንደሚመራመር ግን አይነገርም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ዓለም ገና ዋናው የጅማ መንገድ ዳር አንዲት ጽሕፈትና ፎቶኮፒ ቤት አለችኝ። ጋዜጣችሁን የምገዛው እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ለክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያው ነው፣ ቆርጬ በሩ ላይ እለጥፈዋለሁ፣ ቆሞ ያነበበ ሰው ወይ ሲቪ ሳያስተይብ ወይ ኮፒ ሳያስደርግ አይሄድም። ስለዚህ ማስታወቂያ መተቸት እንጀራዬን በእግሬ መግፋት ይመስላል ግን አልቻልኩም፣ ጻፊ ጻፊ አለኝ።

ነገሬ ዩኒቨርሲቲዎች ፒኤችዲ ላለው ሰው ስለሚያወጡት ማስታወቂያ ነው። ተመራማሪ የሚል፣ ረዳት ፕሮፌሰር የሚል፣ አልፎ አልፎ ደግሞ ፖስትዶክ (ከዶክትሬት በኋላ የሚሠራ ጊዜያዊ የምርምር ሥራ) የሚል። ሰውየው መጥቶ ምን እንደሚመራመር ግን አንድም ቦታ አይጻፍም። የሥራ መደቡ መጠሪያ አለ፣ ተፈላጊ ችሎታ አለ፣ ብዛት አለ፣ ደመወዝ በስኬሉ መሠረት ይላል፣ መመዝገቢያ ቦታ ሰው ሀብት ቢሮ ቁጥር ይሄ ይላል፣ ሴት አመልካቾች ይበረታታሉ ይላል፣ በቃ አለቀ። ጥያቄው ምንድነው፣ ከማን ጋር ነው የሚሠራው፣ ላብራቶሪ አለ ወይ፣ ለኬሚካሉም ለመስክ ሥራውም የሚሆን ብር ተይዟል ወይ፣ ቅጥሩ ለስንት ዓመት ነው፣ ከሳምንቱ ስንቱ ቀን ለማስተማር ይሄዳል፣ አንዱም የለም። ከጎኑ የጥበቃና የገንዘብ ያዥ ማስታወቂያ አለ፣ ቅርጹ ቁርጥ ያው ነው፣ እንደውም የገንዘብ ያዡ ይሻላል፣ ዋስ ማቅረብ የሚችል ብሎ ቢያንስ ስለ ሥራው አንድ ነገር ጠቆም ያደርጋል።

ፎቶኮፒ ቤት ቁጭ ብላ ስለ ፖስትዶክ ምን አገባት የሚል አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። እኔን የሚያገባኝ እዚህ መንገድ ላይ ስለሆንኩ ነው። ከአየር ጤና ወዲህ ቤት ኪራይ ረከስ ይላል ብሎ የወጣ መምህርና ተመራማሪ ብዙ ነው (ረከስ የሚለው ነገር ድሮ ቀረ እንጂ)። ሰበታ የዓሣ ምርምር ማዕከል አለ፣ የእንስሳት ጤናው መሥሪያ ቤትም እዚያው ነው፣ ወደ ከተማ ሲገባ ዘነበወርቅ አለርት ግቢ ውስጥ አርማወር ሃንሰን የሚባለው የሕክምና ምርምር ተቋም አለ፣ በዚያ በኩል ደግሞ በአምቦ መንገድ ሆለታ የግብርና ምርምሩ አለ። ይሄ ሁሉ ሰው ሲቪ አለው፣ ሲቪው ደግሞ አንድ ቀን እኔ ጋ ይመጣል። እኔ ሳይንሱን አላውቅም፣ ወረቀቱን ግን አውቀዋለሁ፣ የትኛው መሥሪያ ቤት ምን ወረቀት እንደሚጠይቅና ጠይቆም ምን እንደማይነግር ከኔ የተሻለ የሚያውቅ ካለ ይምጣ።

ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ልንገር። ፖስትዶክ የሚባለው ዶክትሬቱን የጨረሰ ሰው ተማሪም ሳይሆን ቋሚ መምህርም ሳይሆን ለተወሰነ ጊዜ፣ ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 3 ዓመት፣ አንድ የምርምር ቡድን ውስጥ ገብቶ ሙሉ ጊዜውን ምርምር ብቻ የሚሠራበት ቅጥር ነው። ፒኤችዲውን ሲሠራ አማካሪው እጁን ይዞታል፣ እዚህ ግን የራሱን ጥያቄ ማንሳት፣ ለራሱ ሥራ ገንዘብ መጠየቅ፣ ሌላውን መምራት ይለምዳል። ውጪ አገር በተለይ በሳይንሱ በኩል ይሄን ሳያልፍ ፕሮፌሰር ለመሆን የሚያመለክት ሰው ጥቂት ነው። እኛ ጋ ደግሞ ሰውዬው ዶክተር በተባለ ማግሥት ቾክ ይሰጠዋል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1950 ኮሌጅ ሆኖ ተከፍቶ የራሱን ዶክትሬት ማስተማር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው፣ ማለት ለዚች ደረጃ ብቻ ወደ 37 ዓመት ፈጅቷል፣ አሁን ዶክተሩን እናመርታለን፣ ከዶክተርነት ቀጥሎ ያለችውን ደረጃ ግን ገና በቅጡ አልሠራናትም፣ የተሠራችም እንደሆነ ማስታወቂያዋ ከላይ እንዳልኩት ነው።

የእንቁጣጣሹን ልንገራችሁ። የአውሮፓ ኅብረት በማሪ ኩሪ ስም የሚሰጠው የፖስትዶክ ፌሎሺፕ አለ፣ ለየትኛውም አገር ዜጋ ክፍት ነው፣ የ2024ቱ የሚዘጋው ሴፕቴምበር 11 በብራሰልስ ሰዓት ከቀኑ 11 ሰዓት ነበር፣ በኛ መስከረም 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ከምሽቱ 12 ሰዓት ማለት ነው። ሰው ሁሉ በዓሉን ይዞ ቤቱ ተቀምጧል፣ እኔ ግማሽ በር ከፍቼ አንዲት የኬሚስትሪ ዶክተር ደንበኛዬን ይዤ ቁጭ ብያለሁ፣ በዕድሜ ልጄ ብትሆን የምትሆን ናት፣ እትዬ ነው የምትለኝ። የፕሮፖዛሉ ዋና ክፍል ከ10 ገጽ አይበልጥም ይላል፣ የእሷ 10 ገጽ ከሦስት መስመር ሆኗል። ሦስት መስመር! ኅዳጉን እንዳናጠብ መጠኑ ተወስኗል፣ ፊደሉን እንዳናሳንስ እሱም ተወስኗል፣ ስለዚህ ያለው ምርጫ ቃል መቀነስ ነው። እሷ ጮክ ብላ ታነባለች፣ እኔ እንግሊዝኛው ሁሉም ባይገባኝም «ይቺ ምን ትሠራለች፣ ቅድም ብለሽው የለም እንዴ» እላለሁ፣ ትሰርዛለች። መሀል ላይ መብራት ሄደ። ላፕቶፗ ትንሽ ባትሪ ነበረው፣ ከስልኬ ኢንተርኔት ሰጠኋት፣ ውጪ ልጆቹ አበባየሆሽ እያሉ በሩ ላይ ቆመዋል፣ እሷ «እትዬ እባክሽ ብር ስጫቸውና ይሂዱ» ትላለች። ሰዓቱ ሳይደርስ ላከች።

አላገኘችውም። በጣም ብዙ ሰው የሚወዳደርበት ነው። ግን እኔን የገረመኝ መልሱ ነው፣ ወራት ቆይቶ ሲመጣ ነጥቧ ከመቶ ስንት እንደሆነ፣ ጠንካራ ጎንሽ ይሄ፣ ደካማ ጎንሽ ይሄ ተብሎ በየክፍሉ ተጽፎ መጣላት። ፕሪንት አድርጌ ሰጠኋት፣ ገንዘብ አልተቀበልኳትም። «እትዬ፣ አሁንኮ ምን እንደጎደለኝ አወቅሁ» ነው ያለችኝ። ወድቃ ደስ ያላት ሰው ያየሁት ያኔ ነው።

ደንቡም ከመጀመሪያው ቁልጭ ያለ ነበር። ዶክትሬት በእጅሽ መኖር አለበት፣ ከዶክትሬት ወዲህ በምርምር ላይ የቆየሽበት ጊዜ ከ8 ዓመት አይለፍ፣ ልትሄጂበት ባሰብሽው አገር ባለፉት 36 ወራት ውስጥ ከ12 ወር በላይ የኖርሽ እንዳትሆኚ፣ የሚቀበልሽ ፕሮፌሰር አስቀድሞ ይሁን ይበል። አንዱ ባይስማማሽ አታመለክቺም፣ ጊዜሽን አታባክኚም። አሜሪካኖቹም እንደዚያ ናቸው፣ ብሔራዊ የጤና ኢንስቲትዩታቸው ለሚከፍልላቸው ፖስትዶኮች በልምድ ዓመት የተዘረዘረ ሰንጠረዥ ያወጣል፣ እ.ኤ.አ. በ2024 ልምድ ለሌለው ጀማሪ በዓመት 61,008 ዶላር ነበር፣ የፈለገ ሰው ገብቶ ያየዋል። በኛ ብር ስንት እንደሆነ አላሰላውም፣ ደም ግፊት አለብኝ። ገንዘቡን እንደነሱ ክፈሉ የሚል ጅል የለም፣ ግን የምትከፍሉትን መናገር እኮ ምንም አያስወጣም። በስኬል ማለት ምን ማለት ነው? ስኬሉን የሚያውቀው ውስጥ ያለ ሰው ነው፣ ከውጪ የሚመጣው ደውሎ ደውሎ ስልክ የሚያነሳ ያጣል፣ ወይ ደግሞ ለመጠየቅ ብቻ ከሐዋሳ ከጅማ ድረስ ይመጣል።

ይቺው ዶክተር በኋላ እዚሁ አገር ቤት አንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ብሎ ባወጣው ማስታወቂያ አመለከተች። የትኛው እንደሆነ አልናገርም፣ ሥራዋ ላይ ናት። ማስታወቂያው ፒኤችዲ በኬሚስትሪ ወይም ተዛማጅ የትምህርት መስክ፣ ብዛት 1፣ ልምድ 0 ዓመትና ከዚያ በላይ ነው የሚለው። አስቡት፣ ኬሚስትሪ ማለት ሰፊ ነው፣ የውኃ ብክለት የምትሠራ አለች፣ መድኃኒት የሚቀምም አለ፣ ሲሚንቶ የሚያጠና አለ፣ ሁሉም ተዛማጅ ነው። ስትመዘገብ መስኮቷ ላይ ያለችውን ልጅ የየትኛው ቡድን ቅጥር ነው ብላ ጠየቀቻት፣ «እሱን ካለፍሽ በኋላ ትምህርት ክፍሉ ይነግርሻል» አለቻት። ልጅቷ ክፉ ሆና አይደለም፣ እሷም የተሰጣት ወረቀት ላይ የለም። ፈተና ተፈተነች፣ አለፈች፣ ገባች። ስትገባ ለካ ትምህርት ክፍሉ የአንደኛ ዓመት ጄኔራል ኬሚስትሪ የሚያስተምር ሰው ነበር የቸገረው፣ ሦስት ሴክሽን ሰጧት፣ ላብራቶሪው ውስጥ ያለው ዋናው መሣሪያ መለዋወጫ ስለሌለው ተሸፍኖ ቁጭ ብሏል። ማስተማሩን አትጠላውም፣ ጎበዝ አስተማሪ እንደሆነች ተማሪዎቿ እኔ ጋ ኮፒ ሲያስደርጉ ሲያወሩ እሰማለሁ። ግን መጀመሪያውኑ መምህር ይፈለጋል ብለው ቢጽፉ ምን ነበረበት? አስባበት ትገባ ነበር፣ ወይ ትተወው ነበር። የሠርግ ወጥ የምትሠራ ሴት እንኳ ስትቀጠር ስንት ሰው እንደሚበላና ጾም ይሁን ፍስክ ይነገራታል።

እና ሰው ምን ይላል መሰላችሁ፣ እኔ በር ላይ የለጠፍኩትን ማስታወቂያ አንብቦ «ኧረ ይሄ የሚገባው ሰው ታውቋል፣ ለወግ ነው ያወጡት» ይላል። ሁልጊዜ ይላል። እውነት የሆነበት ጊዜ ይኖራል፣ ያልሆነበትም ጊዜ ይኖራል፣ እኔ ምን አውቄ። ነገር ግን ማስታወቂያው ባዶ ሲሆን ሰው በሐሜት ይሞላዋል፣ ጎበዞቹ ደግሞ ቀድመው ተስፋ የሚቆርጡት እነሱ ናቸው፣ ሌላ ቦታ የሚፈልጋቸው አለና። ማስታወቂያው የዚህ ሐይቅ ውኃ ለምን እንዲህ ሆነ የሚለውን ጥያቄ ለ2 ዓመት የሚያጠና ሰው እንፈልጋለን፣ ይሄ መሣሪያ አለን፣ ይሄን መሣሪያ የነካ ሰው ቅድሚያ ይሰጠዋል ቢል ግን ዘመድ ለማስገባትም ይከብዳል፣ ዘመድየው መሣሪያውን አያውቀውማ።

ወረቀቱ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። የመጀመሪያ ዲግሪ ኦሪጅናልና ኮፒ፣ የማስተርስ፣ የዶክትሬት፣ የሦስቱም ትራንስክሪፕት፣ የሥራ ልምድ፣ የኮስት ሼሪንግ፣ ከነበሩበት መሥሪያ ቤት መልቀቂያ፣ ውጪ የተማረ ከሆነ የአቻ ግምት፣ ሁሉም በአካል ቀርቦ ወይም በሕጋዊ ወኪል። የመልቀቂያው ነገር ነው የሚያስቀኝ የሚያናድደኝም፣ ሰውዬው ገና አልተቀጠረም፣ ይቀጠር አይቀጠር አልታወቀም፣ መልቀቂያ አምጣ ይባላል፣ ያለበት መሥሪያ ቤት ደግሞ ሊለቅ ማሰቡን ሲያውቅ ዓይኑ ይቀላበታል። ክፍለ ሀገር ያለ ዩኒቨርሲቲ አስተምሮት በግዴታ ውል የተያዘ ከሆነማ ተወው። እኔ በዚህ ሁሉ ገንዘብ አገኛለሁ፣ አልክድም፣ አንድ የዶክተር ፋይል ሲመጣ ቀኔ ጥሩ ነው። ያም ሆኖ ያሳዝነኛል፣ ባሏ ሰበታ ያለ፣ እሷ ሩቅ ዩኒቨርሲቲ የምታስተምር፣ ለምዝገባ ብቻ ልጅ አዝላ የመጣች ሴት አይቻለሁ፣ በኢሜይል አባሪ አድርጎ መላክ የሚቻለውን ወረቀት።

ለምን ኦሪጅናል እንደሚሉ ይገባኛል፣ እኔም ፎርጅድ ዲግሪ ኮፒ አድርጊልኝ ተብዬ ያባረርኩት ሰው አለ። የኤሌክትሪክ ምሰሶ ላይ ሁሉ ጥናታዊ ጽሑፍ እንሠራለን የሚል ተለጥፎ ስልክ ቁጥር ያለው፣ እኔ ጋም ለጥፊልን ብለው ይመጣሉ፣ አልለጥፍም። ብር ከፍሎ በሳምንት ጽሑፍ የሚያወጣ ጆርናል ላይ ያሳተመውን በሲቪው ደርድሮ የሚመጣም ሞልቷል፣ ርዕሶቹ ተመሳሳይ፣ ወሩ ያው። አመልካቹም ንጹሕ አይደለም። ግን ማጣራቱ ለምን መጨረሻ ላይ አይሆንም? ሦስት ሰው ከተመረጠ በኋላ የሦስቱን ኦሪጅናል እዩ፣ ለሰጠው ዩኒቨርሲቲ ጻፉ፣ አጣሩ። ሁሉንም ሰው ከመነሻው አሰልፎ ማኅተም ማየት ፎርጅዱን አያስቀረውም፣ ፎርጅዱማ ኦሪጅናል ይዞ ነው የሚመጣው፣ ከእውነተኛው የበለጠ የሚያምር።

ለምርምር ጊዜ የተሰጠው ሰው ምን እንደሚሠራ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ የቢልሃርዝያ ጥናት ሲያደርጉ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ያለው ውኃ ላይ ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አዩ፣ በሽታውን የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ ነውና ነገሩ ገባቸው። እንዶዱን እናቶቻችን ዘመናቸውን ሁሉ ሲያጥቡበት ኖረዋል፣ ወንዙም ነበረ፣ ቀንድ አውጣውም ነበረ፣ የጎደለው ወንዝ ዳር ቆሞ ለምን ብሎ የሚጠይቅ ሥራው እሱ ብቻ የሆነ ሰው ነበር። ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የሚባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት እ.ኤ.አ. በ1989 አገኙበት። ያን ቀን ሦስት ሴክሽን ጄኔራል ባዮሎጂ ቢኖርባቸው አድዋ ወንዝ ዳር ምን ያደርጋሉ? አርማወር ሃንሰንም እንዲሁ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1970 የሥጋ ደዌ ሆስፒታሉ አጠገብ ሲቋቋም በሽታውን የሚያጠና እንጂ ሌላ ሥራ የሚደራረብበት ሰው ፈልገው አይደለም፣ ይኸው ዛሬ ስለ ቲቢውም ስለ ሌላውም ሲጠየቅ ስሙ ይነሳል። በኛ ታክሲ በየቀኑ እናልፈዋለን፣ ረዳቱ «ዘነበወርቅ ወራጅ» ሲል ግማሹ ሰው ግቢው ውስጥ ምን እንዳለ አያውቅም።

ደግሞ ፖስትዶክ ገነት እንዳይመስላችሁ። የውጪዎቹም ያማርራሉ። ጀርመን ሕጉ ከዶክትሬት በኋላ በጊዜያዊ ኮንትራት መቆየት የሚቻልበትን ጊዜ ወደ 6 ዓመት ገድቦታል፣ ቋሚ ቦታ ደግሞ ጥቂት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2021 ተመራማሪዎቹ ይሄንኑ ሕግ በሚያስረዳ የመንግሥት ቪዲዮ ላይ ያለችውን ሐና የምትባል ገጸ ባሕርይ ስም ይዘው እኔም ሐና ነኝ እያሉ ማኅበራዊ ሚዲያውን አጥለቀለቁት። ደቡብ አፍሪካ ብዙ ቦታ ፖስትዶኩ እንደ ሠራተኛ አይቆጠርም፣ የሚሰጠው ድጎማ ነው፣ ጡረታ የለውም። እኛ ገና ልንጀምር ስለሆነ ይሄን አይቶ መጀመር ይቻላል፣ ጊዜያዊ ከሆነ ጊዜያዊ ነው ተብሎ ይጻፍ፣ ሲያልቅ ምን እንደሚከተል ይጻፍ። ጊዜያዊ መሆኑን ተነግሮት የገባ ሰው አይከፋውም፣ የሚከፋው በኋላ ሲሰማ ነው።

አሁን ጊዜውም አመቺ ይመስለኛል። መንግሥት ዩኒቨርሲቲዎቹን ሲከፋፍል 8ቱን የምርምር ብሏቸዋል፣ የምርምር የተባለ ተቋም የተመራማሪ ማስታወቂያው ከሌላው ካልተለየ በምኑ ነው የምርምር የሚሆነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ራስ ገዝ ሆኗል፣ ራስ ገዝ ማለት እኔ እንደገባኝ ቅጥሩንም ገንዘቡንም የሚያዝበት ራሱ ነው ማለት ነው፣ ስለዚህ ፎርሙ ከላይ የመጣ ነው ምን እናድርግ የሚለው ምክንያት ቀስ በቀስ እያለቀ ነው። የአፍሪካ መሪዎች እዚሁ አዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ2007 ተሰብስበው አገሮች ከጠቅላላ ምርታቸው 1 በመቶውን ለምርምር ያውሉ ብለው ነበር፣ እሱን የትልልቆቹ ጉዳይ ነው ብዬ እተወዋለሁ፣ እኔ የምለው በትንሽ ወረቀት ላይ የሚያልቅ ነገር ነው።

የሰው ሀብት ሰዎች ጋ የሚኖረውን መልስ ከወዲሁ እሰማዋለሁ፣ ጋዜጣ ላይ ቦታ ውድ ነው ይሉኛል። ልክ ናቸው፣ የምታስከፍሉትን አውቃለሁ፣ አንድ ጊዜ የሱቄን ማስታወቂያ ላወጣ ጠይቄ ተመልሻለሁ። ግን እኮ ጋዜጣው ላይ አምስት መስመር አድርጎ ዝርዝሩን ዌብሳይት ላይ ማስቀመጥ ይቻላል፣ ያም ካልሆነ ቴሌግራም ቻናል የሌለው ዩኒቨርሲቲ የለም፣ የምረቃ ፎቶ በየቀኑ ይለጥፉበት የለ። አምስቱ መስመር ግን ፍሬ ያለው ይሁን፦ ጥናቱ ስለምን እንደሆነ፣ የሚመራው ክፍል የትኛው እንደሆነ፣ ለስንት ዓመት እንደሆነ፣ ደመወዙ በብር ስንት እንደሆነ፣ ማስተማር ካለበት በሳምንት ስንት ሰዓት እንደሆነ። ሴት አመልካቾች ይበረታታሉ የሚለውን ደግሞ በምን እንደሚበረታቱ ጨምሩበት፣ ሕፃን ማቆያ ካለ አለ በሉ፣ ያቺ ልጅ አዝላ የመጣችዋ ታነበዋለች። ለወደቀውም ሰሌዳ ላይ ስም ከመለጠፍ ሌላ ሁለት መስመር ይጻፍለት፣ ተጠባባቂ ተብሎ ዓመት ሙሉ የሚጠብቅ ሰው አውቃለሁ፣ ማንን እንደሚጠብቅ እንኳ አያውቅም።

እናንተንም የምጠይቃችሁ አለ። የማስታወቂያ ክፍላችሁ ከዩኒቨርሲቲ የሚመጣውን የተመራማሪ ማስታወቂያ ሲቀበል ጥናቱ ስለምን እንደሆነ አልተጻፈም፣ ይጨመርበት ወይ ብሎ አንድ ጊዜ መልሶ ቢጠይቅ ይከብደው ይሆን? ከልክሉ አላልኩም፣ ገንዘባችሁ ነው። ደንበኛ ሲቪ ሊያስተይብ መጥቶ ስልክ ቁጥሩን ረስቶ ከሆነ እኔ እጠይቀዋለሁ፣ አብዛኛው ያመሰግነኛል እንጂ አይቆጣኝም። አንዱ ዩኒቨርሲቲ ሞልቶ ከጻፈ ደግሞ ያን ማስታወቂያ እኔ በነፃ አሳድጌ በቀለም አትሜ በሩ ላይ እለጥፈዋለሁ፣ ቶነሩ በኔ።

ከአክብሮት ጋር፣
የጽሕፈትና ፎቶኮፒ ቤት ባለቤት
ከዓለም ገና